አሥራ አንደኛው ጆንያ

የካቲት 4 ቀን 1977፣ ገዳሪፍ

«አንተ ቆመህ የምታልም፣ ና እስቲ ወዲህ!» ብሎ ጠራኝ ዛሬ ከማሉ። ጆንያ እየሰፋሁ ነበር። ከማሉ የወሎ ሰው ነው፤ ወደ ሱዳን ከተሻገረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በሐጅ ቱርካ የእህል ንግድ ቤት ሚዛኑን የሚይዘው እሱ ነው። እኔ እዚያው ገበያ ውስጥ የሞላ ጆንያ አፉን የምሰፋ ሰው ነኝ፤ ነጋዴ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያየኝም።

«ሐጅ ገዥ ይፈልጋሉ። አማርኛ የሚናገር፣ እህል የሚያውቅ። ስምህን ሰጥቻለሁ፤ ይፈትኑሃል። ከወደቅህ ግን ውርድ ከራሴ» አለኝ።

መርፌው ከእጄ ወደቀ። መተማ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሊጥና ማሽላ ገዝቻለሁ እኮ! ሱቁ የጌታዬ ቢሆንም እጁ የእኔ ነበር። ያ ሁሉ ነገር ባይመጣ ኖሮ ዛሬ... ወዲያ፣ እሱን አልጽፍም።

በንግድ ቤት የተቀጠረ ሰው የመኖሪያ ወረቀት ይወጣለታል። ወረቀት ካገኘሁ እት በላይነሽን ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ አወጣታለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ የራሽን ተራ ትጠብቃለች። ይኸንን ደብተር የገዛሁት ለእሷ ነው፤ ፊደል ባትቆጥርም አጠገቤ አስቀምጬ አነብላታለሁ።

የካቲት 7

ሐጅ የሉም፤ ወደ ከሰላ ሄደዋል። ነገ ጁምዓ፣ ገበያ የለም። ቅዳሜ ና ተባልሁ። አከራዬ አሰጋሽ የሟች ባሏን ሸሚዝ አዋሰችኝ። አንገቱ ይጠበኛል። «አትተንፍስ እንግዲህ» አለችኝ።

የካቲት 9

የሐጅ ቱርካ ቢሮ መጋዘኑ ውስጥ ነው። የውጭው ፀሐይ ዓይን ያጠፋል፤ ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን የእህሉ ብናኝ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰውን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ቦታ ነው። ሐጅ ትንሽ ሰው ናቸው፤ ጃላቢያቸው ይበልጣቸዋል። በጠፍር አልጋቸው ጋደም ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚናገሩት። ተኝተዋል ብዬ ዝም ብል «ተናገር እንጂ፣ ያ ዘውል፣ አንተ ሰው!» አሉኝ።

ከማሉ በጥምጥሙ ጨርቅ ዓይኔን አሰረኝና አምስት ሳህን እህል አቀረበልኝ። እጄን እያስገባሁ መናገር ነው። የመጀመሪያው ከዶካ ጥቁር አፈር የበቀለ ዱራ፣ የዚህ አገር ማሽላ ነው አልሁ። ሁለተኛው የዓምና፣ ጉድጓድ የከረመ፤ ይሸታል። ሦስተኛው አሸዋ ተቀላቅሎበታል፣ ሻጩ ሌባ ነው ስል ከማሉ ሳቀ። አራተኛው ሰሊጥ፣ ዝናብ ሳይጠግብ የታጨደ።

አምስተኛው ላይ እጄን እንዳስገባሁ ቀረሁ። አንዲት ፍሬ በጥርሴ ሰበርሁ። የእኛ ማሽላ ነው! በታሰረው ዓይኔ ውስጥ ማሳችን ወለል ብሎ ታየኝ። እት በላይነሽ ማማው ላይ ቆማ ወንጭፏን ታጮኻለች፤ ወፎቹ ብር ብለው ተነስተው ተመልሰው ያርፋሉ፤ «ታምሬ፣ ከሥር ጠብቅ፣ እንዳትተኛ!» ትለኛለች፤ እኔ ግን ተኝቻለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ከማሉ በክርኑ ጎሸመኝ።

«አገሬ ነው» አልሁ።

«አገር የሚሸጥ ነገር አይደለም። ጆንያው ስንት ያወጣል?» አሉ ሐጅ።

ነገርኋቸው። ከገበያው ዋጋ አንድ ፓውንድ ብቻ ነው የሳትሁት። «ኸላስ፣ አለቀ፤ እንጠራሃለን» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ስወጣ የመጋዘኑን ጆንያ አየሁት። እስከ ጣራው ድረስ ተደርድሯል። ገበያው ላይ ዱራ ጠፋ እየተባለ! «ይኸ ሁሉ ለማን ነው ጋሼ?» ብዬ ከማሉን ጠየቅሁት። «ለሰኔ» አለኝ።

የካቲት 12

ጾም ትላንት ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማልቀምስ ቀኑ ይረዝማል፣ ሐሳቤም ይበዛል። ቀትር ላይ ከጆንያው ጥላ ሥር ጋደም ስል በሐሳቤ እት በላይነሽን በአሰጋሽ ግቢ ውስጥ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር አስቀምጣታለሁ። ነጭ ነጠላ አለብሳታለሁ። እሷ ደግሞ ስትቆጣኝ፣ «ይኸን ሁሉ ለምን አወጣህ?» ስትለኝ እሰማታለሁ። ይቺን ቁጣ ለመስማት ብዬ ነው መሰለኝ ደጋግሜ የምተኛው።

ሻሂ ቤት አንዱ ጫኝ «ኡም ራኩባ ራሽን ቀንሰዋል አሉ» ሲል ሰማሁ። ጫኝ ብዙ ያወራል። ዱራ ዛሬም ጨምሯል።

የካቲት 16

ጥሪ የለም። ዱራ ጨምሯል።

አሰጋሽ «ዋጋው በጨመረ ቁጥር ፊትህ ይፈካል፤ ምን ነካህ አንተ?» አለችኝ። ዋጋውን የምከታተለው ለፈተናው እንደሆነ አስረዳኋት። 

የካቲት 23

ሁለተኛው ፈተና ጥያቄ ብቻ ነበር። ሐጅ ከርከዴያቸውን እየጠጡ፣ እንደ ልማዳቸው ጨፍነው፣ «አንድ ሺህ ጆንያ ዱራ አለህ እንበል። ዛሬ ዋጋው ጥሩ ነው። ሰው ርቦታል። ሰኔ ሲመጣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ሎሪ አይገባም። መቼ ትሸጣለህ?» አሉኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። መልሱን ማንም ያውቀዋል። ግን ምላሴ እንደ ተልባ ውሃ ወፈረብኝ። ከማሉ በዓይኑ «በል እንጂ» ይለኛል።

«ሰኔ ሃያ» አልሁ። «ከመጀመሪያው ጭቃ በኋላ፣ የእርዳታው ሎሪ ሳይደርስ።»

ሐጅ ዓይናቸውን ገለጡ። እስከ ዛሬ ሲገልጡ አይቻቸው አላውቅም። ዓይናቸው ግራጫ ነው።

ለፈተና የተባለ ነገር ነው እኮ! ሰው ለፈተና ብሎ ስንት ነገር ይመልሳል። ተማሪ ሳለሁ የማላምንበትን ስንቱን ጽፌ አልፌያለሁ። ጆንያው የእኔ አይደለም፤ አንድ ሺህ ቀርቶ አንድም የለኝ። እንዲህ እያልሁ እስከ ማታ ዞርሁ። ስለ ሎሪው የተናገርሁትን ግን ማን ጠየቀኝ? እሱን ከየት አመጣሁት?

መጋቢት 3

የመጨረሻው ፈተና መጣ! ሐጅ የአሥር ጆንያ ገንዘብ ሰጡኝና «ወደ ኡም ራኩባ ሂድ። የአገርህ ሴቶች ከራሽናቸው እየቀነሱ ለጨውና ለወፍጮ ይሸጣሉ። ግዛና አምጣ። እንዴት እንደምትገዛ አልነግርህም» አሉኝ።

ከዓለም ሁሉ ኡም ራኩባ! እት በላይነሽን ላያት ነው። እንደ ሕፃን እየዘለልሁ ወደ ቤት መጣሁ። አሰጋሽ ሽንኩርትና ጨው ቋጠረችልኝ።

መጋቢት 6፣ ኡም ራኩባ

ሎሪው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ነጂው ጎማ ሊቀይር ወርዷል። ተገዝቷል። ሁሉም ሆነ። ከመርሳቴ በፊት ልጻፈው።

ጠዋት ደረስሁ። ከሩቅ የሚያየኝ ሁሉ «የበላይነሽ ወንድም መጣ!» እያለ ሮጠ። እሷ ከድንኳኑ ወጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችኝ። «ምነው ከሳህ የኔ ጌታ? አይመግቡህም እንዴ?» አለችኝ። እኔ ከሳሁ! የእሷን ክንድ ብታዩት። ጾም ነው፤ እሷ ደግሞ ጾም ላይ ታጠብቃለች።

ዱራ ልገዛ መምጣቴን ስነግራት ደስ አላት። «ለማናውቀው ሰው ከምንሸጥ ላንተ ብንሸጥ ይሻላል» ብላ ሴቶቹን ሁሉ ጠራቻቸው። ዛፉ ሥር ተሰለፉ። አንዳንዷ ሁለት መልዋ፣ አንዳንዷ ሦስት ይዛለች፤ መልዋ እዚህ እህል የሚሰፈርበት ቆርቆሮ ነው። ዋጋውን እንደ ገበያው ሰጠኋቸው፤ አንዲት ሳንቲም አልቀነስሁም። ይኸንን አስምሬ እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያዋ የሺመቤት የምትባል፣ ልጅ ያዘለች የጭልጋ ሴት ነበረች። መልዋውን ሞልታ ጆንያዬ ውስጥ ገለበጠችና እጇን ወደ ቋጠሮዋ መልሳ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ። «ይቺ ምርቃት ናት። በረከት ያድርግልህ» አለች።

ልማዳችን ነው። እኛ አገር ልክ ሰፍሮ ምርቃት የማይጨምር ሻጭ የለም። ሻጭ ይጨምራል፣ ገዥ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ካልፈለገ «በቃ» ይላል። እዚህ ሱዳን ግን በልክ ነው፤ ይኸንን ልማድ የሚያውቀው የለም። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ቀጥላ የመጣችውም ጨመረች። በየመልዋው አንድ እፍኝ፣ በየመልዋው አንድ እፍኝ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። የእህሉ ድምፅ ሲፈስ ሻ... ሻ... ይላል፤ ሴቶቹ «በረከት ያድርግልህ» ይላሉ፤ መተማ ያለሁ መሰለኝ፣ ማንም ሰው ያልተራበ፣ ቅዳሜ ገበያ የወጣሁ።

እት በላይነሽ መጨረሻ ላይ መጣች። የያዘችው አንድ መልዋ ነው። ሦስት እፍኝ ጨመረችልኝ። ቋጠሮዋን አራገፈችው።

ምርቃት እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ሴቶቹ ይከፋቸዋል።

ሦስት መቶ መልዋ ነው የከፈልሁበት፣ አሥር ጆንያ። የሞላው ግን አሥራ አንድ ነው። ትርፍ ባዶ ጆንያ ከየት አመጣህ ብሎ የሚጠይቅ አለ። ከድሮም ሁልጊዜ አንድ ትርፍ እይዛለሁ፤ ይቀደድ ይሆናል ብዬ ነው።

ነጂው መጣ።

መጋቢት 7

ከማሉ አሥራ አንዱንም መዘነ። ሁለቴ ቆጠረ። ሐጅ «ገንዘቡ የአሥር ነው፤ ይኸኛው ከየት መጣ?» አሉ። ስለ ምርቃት ነገርኋቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ከአልጋቸው ቀና ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሳትጠይቃቸው? በነፃ? መርቀውህ?» አሉኝ ደጋግመው። ከዚያ እጄን ጨበጡኝ።

«አሥር የሚያመጣ ሰው ከየትም አገኛለሁ። አንተ ነጋዴ ነህ» አሉኝ። ሥራው የእኔ ሆነ! በየወሩ ካምፕ እዞራለሁ፤ ወረቀቴን እሳቸው ያስጨርሱልኛል፤ የእህቴንም አብረው።

ከማሉ ጆንያውን ወደ መጋዘኑ ሲያስገባ እያየሁ ቆምሁ። እንኳን ደስ አለህ አላለኝም። «አገር ቤት አምስት ዓመት ሙሉ እናቴ ገበያ ስትልከኝ፣ የተጨመረልኝን ምርቃት ለቤት ነበር የማስገባው» አለ ብቻ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

የትላንቱን ገጽ ለእት በላይነሽ አላነብላትም። ረጅም ነው፤ ይሰለቻታል።

መጋቢት 15

ለወረቀቱ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶው ላይ የተኛሁ እመስላለሁ። ጆንያ ስሰፋ የማያየኝ ነጋዴ ሁሉ ዛሬ «ሰላም አለይኩም» አለኝ።

መጋቢት 28

ካርቱም ላይ መንግሥት ተገለበጠ። ሬድዮው ማርሽ ብቻ ነው የሚያሰማው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ወረቀቴም እዚያው ውስጥ። እግዚኦ! ሰው ሲጨፍር አየሁ፤ እኔ የጽሕፈት ቤቱን ቁልፍ አየሁ።

ሚያዝያ 3

ተከፈተ። ወረቀቱ ወጣ! ሁለታችንም ስማችን አለበት። ፋሲካ እሑድ ነው፤ ሐጅ ግን ማክሰኞ ድረስ አይለቁኝም። ረቡዕ ሄጄ አመጣታለሁ። አሰጋሽ ኒሟ ሥር መደብ ሠራችልኝ፤ በጭቃ ለሰነችው።

ሚያዝያ 9፣ ኡም ራኩባ

ወረቀቱን አሳየኋት። እጇን ጠርጋ ተቀበለች፣ ገለበጠች፣ መልሳ ሰጠችኝ።

«መጀመሪያ ግዛ፤ ሰዎቹ ቆመዋል» አለችኝ።

ዛፉ ሥር ተሰልፈዋል፤ ካለፈው ጥቂት ያነሱ ናቸው። ማንም «እንኳን መጣህ» አላለኝም። የሺመቤት መጀመሪያ መጣች፤ ዛሬ ጀርባዋ ላይ ልጅ የለም። የት ነው ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ አልጠየቅሁም። መልዋውን ሞላች። ከዚያ መዳፏን አስተኝታ ከአፉ ላይ አሸችውና የተረፈውን ወደ ራሷ ቋጠሮ መለሰች። ልክ። ጆንያዬ ውስጥ ገልብጣ ሄደች። ሁለተኛዋም መዳፏን አስተኛች። ሦስተኛዋም። እኔ ከሥር ጆንያውን ከፍቼ እይዛለሁ። ድምፅ የለም፣ ምርቃት የለም፤ መዳፍ ቆርቆሮ ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል።

እት በላይነሽ መጨረሻ መጣች። እሷም አስተካከለችው።

«እትዬ!» አልሁ። እንደ ልጅነቴ ነው ድምፄ የወጣው።

«‹ምን አጠፋሁ› ነው የምትለኝ?» አለችኝ፤ አልተቆጣችም፣ ቁጣ ቢሆን በወደድሁ። «ከስተሃል ብለን እኮ ነው፣ ታምሬ። ለድስትህ ብለን ነው የጨመርንልህ፤ እዚያ ስትበላ እያሰብን። የሎሪው ነጂ ነገረን፤ ከሌላው ጋር አስረህ ለጌታህ አስገባኸው። ራሽኑ ተቀንሶ ሳለ ከእያንዳንዳችን ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ነው የሄደው። ‹በቃ› ማለት እንዴት ያቅትሃል? አንዲት ቃል ናት።»

«እምቢ ብል ይከፋችኋል ብዬ ነው።»

«አይከፋንም ነበር።»

ለመንኋት። ወረቀቱን፣ መደቡን፣ ኒሟን፣ ሁሉንም ነገርኋት። አለቀስሁም፤ እዚያው ሴቶቹ ፊት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው፣ እንደ ባለፈው። «አሁን አልመጣም። እህሉን አብረው ያዋጡልህን ሰዎች ትቼ ባንተ ቤት አልበላም። ሥራህን ስትተው ና» አለችኝ።

ሥራውን ከተውሁ ወረቀቱ ይሰረዛል። ወረቀቱ ከተሰረዘ አትወጣም። ይኸንን ማስረዳት አቃተኝ። ሰኔ ሲመጣ፣ ዝናቡ ድንኳኑን ሲያፈርሰው ሐሳቧን ትቀይራለች።

ሚያዝያ 10

«አሥራ አንደኛውስ?» አሉ ሐጅ።

«የለም።»

«ለምን?»

«አወቁኝ» አልሁ።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እንግዲያ የማያውቁህ ዘንድ ሂድ። ካምፕ ሞልቷል። አሥር ይዘህ ከመጣህ ግን ወደ መርፌህ ተመለስ፤ ወረቀቱንም መልስ» አሉ።

ከማሉ ሲያስወጣኝ ትከሻዬን ያዘ። «ጆንያ መስፋትም እንጀራ ነው፣ ታምሬ» አለኝ። እሱ ምን አለበት፤ ማንም አይጠብቀውም። ትርፍ ጆንያውን አጥፌ ከብብቴ ሥር ያዝሁ።

ሚያዝያ 14፣ በሸዋክ መንገድ ካለ ካምፕ

ሎሪው ላይ መንገዱን ሙሉ ስለማመድ መጣሁ። በቃ። በቃ እናቴ። ይበቃኛል፣ ለእናንተ ይሁን። ነጂው ከራሴ ጋር የማወራ መስሎት ሳቀ። እንዲህ ወሰንሁ፤ አሥሩን ብቻ እይዛለሁ፣ ለሐጅ የመጣው ይምጣ እላቸዋለሁ፣ ከዚያ ወደ እት በላይነሽ እሄዳለሁ። ልቤ ቀለለኝ። ሜዳው ላይ የቀትሩ ግለት እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ ማዶ የማሽላ ማሳ ያለ ይመስላል። የለም።

እዚህ ማንም አያውቀኝም። አማርኛዬን ሲሰሙ ግን ከየድንኳኑ ወጡ። የመጀመሪያዋ አሮጊት ናት። «ከወዴት ነህ ልጄ?» አለችኝ። ከመተማ አልኋት። «እሰይ፣ የአገሬ ልጅ! ምነው እንዲህ ከሳህ?» አለችና መልዋዋን ሞልታ ገለበጠች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ወደ ከረጢቷ አስገባች። ጣቶቿ እንጨት እንጨት ያክላሉ። እፍኟን ሞልታ ከጆንያዬ አፍ በላይ ያዘችልኝና ቀና ብላ አየችኝ።  ቃሏን አውቃታለሁ፤ አንዲት ናት፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት። አፌን ከፈትሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኋት።